አቮካዶን ከስኳር ስለ መለየት

አቮካዶ መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ቢሆንም፣ ዛሬ በሲዳማ፣ በወላይታና በጌዴኦ ጓሮዎች ከእንሰትና ከቡና ጎን የሚበቅል፣ ከየከተማው ጭማቂ ቤትም የማይጠፋ ፍሬ ሆኗል። ይሁን እንጂ ለጤና ተብሎ የሚታዘዘው ጭማቂ ብዙውን ጊዜ በርከት ያለ ስኳር ተጨምሮበት፣ አንዳንዴም ቪምቶ ፈስሶበት ስለሚቀርብ፣ ጠጪው የሚፈልገውን ጥቅም ከማይፈልገው ጉዳት ጋር አብሮ ይጨልጣል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

አቮካዶ ከአብዛኞቹ ፍራፍሬዎች የሚለየው በቅባቱ ነው። ከ100 ግራም የፍሬው ሥጋ 15 ግራም ያህሉ ቅባት፣ 7 ግራም ያህሉም አሰር፣ ማለትም ሳይፈጭ በአንጀት የሚያልፍና የሆድ ድርቀትን የሚከላከል የዕፅዋት ክፍል ሲሆን፣ የተፈጥሮ ስኳሩ ግን 1 ግራም እንኳ አይሞላም። የቅባቱ አብዛኛው ክፍል በወይራ ዘይትም የሚገኘው ኦሌይክ አሲድ ነው፤ ይህም በቅቤና በጮማ ውስጥ ያለውን ቅባት ሲተካ በደም ውስጥ የሚገኘውን ጎጂ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ፣ ለካሮትና ለቲማቲም ቀለም የሚሰጡት፣ ከፊሎቹም በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጡት ካሮቲኖይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮች በቅባት የሚሟሙ በመሆናቸው፣ አትክልቱ ከአቮካዶ ጋር ሲበላ ሰውነት የበለጠ ይጠቀምባቸዋል። የእንስሳት ተዋጽኦ በማይበላበት በጾም ወራት ይህ ጥቅም ይበልጥ ይጎላል።

ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከሚጨመርበት ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብና መጠጥ ከሚጨመር ስኳር፣ እንዲሁም ከማርና ከፍራፍሬ ጭማቂ የሚገኘው ጉልበት ከዕለቱ ጠቅላላ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም፣ ማለትም ከአራት የሾርባ ማንኪያ ገደማ አያልፍም።

ስለሆነም ቤተሰብ አቮካዶን ከመጠጥነት ወደ ማዕድ ሊመልሰው ይገባል። ፍሬው የሚበስለው ከዛፍ ከተለቀመ በኋላ በመሆኑ፣ ጠንካራውን ገዝቶ ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ማቆየት መብሰሉን ያፋጥነዋል። የበሰለውን ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ቆራርጦ ሎሚና ጥቂት ጨው ማከል መልካም ሰላጣ ያስገኛል፤ ሎሚውም ፍሬው ቶሎ እንዳይጠቁር ያግዛል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃንም በሚገባ ተፈጭቶ ያለ ስኳር ከሌሎች ምግቦች ጋር ሊሰጥ ይችላል። በአንጻሩ አቮካዶ ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ስለ መጠኑ ከሐኪሙ ጋር ሊመካከር ይገባል።

ጭማቂ ሻጩም ስኳሩን ለብቻው ያቅርብ፤ ጠጪውም ያለ ስኳር ማዘዝን ይልመድ።