መርፌውና ጸበሉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ እማዬ ኢንሱሊኗን አቆመች። የነገረችኝ እህቴ ናት። አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ኮድ ስጽፍ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለችው የገጠር ቀበሌያችን ደወለች። «ጸበል ገብታለች። መርፌና ጸበል አይደባለቅም ብለዋት ተወችው፤ ዛሬ ሁለት ቀኗ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ችግር ሲያይ ባግ ይመስለዋል፤ እኔም የእማዬን እምነት እንደ ባግ አየሁት። የመርፌ ሰዓቷን የሚያስታውስ አላርም ስልኳ ላይ ጭኜላት ነበር። ይጮሃል፣ ታጠፋዋለች።

ደወልኩላት። «ልጄ፣ እኔ እኮ ስኳር አልቀምስም፤ ቡናዬን በጨው ነው የምጠጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው። «የስኳር በሽታ» የሚለው ስም ጥፋቱን ሁሉ ሻይ ላይ ይጥላል። እንጀራውም፣ የበቆሎው ቂጣም ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ እንደሚገባ ቁጭ ብዬ አስረድቻት አላውቅም። መርፌ ደግሞ በሰፈራችን የመጨረሻው መጨረሻ ነው፤ «መርፌ ጀመረ» የተባለ ሰው ይታዘንለታል። መተዉ ለእሷ ቸልተኝነት አልነበረም፤ ተስፋ ነበር።

ግን ተስፋ ብቻውን ስኳር አያወርድም። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ መጀመሪያ ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን ሊሞት ተቃርቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ይህን እያወቅኩ «እምነቷ ነው» ብዬ ዝም ብል፣ ሰው አክባሪ እባል ይሆናል። እናቴን ግን አጣለሁ።

የነፍስ አባቷ ትዝ አሉኝ። እሳቸው «ተወጊ» ካሏት እምቢ አትልም። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦ ይሄ ማሳመን ነው ወይስ ሃክ ማድረግ? በጓሮ በር ገብቼ እናቴን እንደ ሲስተም ላዛት ነው?

በማግስቱ ሄድኩ። ለብቻቸው ላናግራቸው እችል ነበር፤ እሷ ባለችበት ጠየቅኳቸው። «አባ፣ መርፌና ጸበል ይጣላሉ?»

«ማን አጣላቸው? ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው። የታመመ ሰውም በጾም አይገደድም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ መርፌውን ስትሰጣት ጸበሉን ልትቀማት ነበር እንዴ?»

አፈርኩ። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ከጸበል ጋር አይጋጭም ብለው ነበር። ምረጪ ብዬ ያስጨነቅኳት እኔም ጭምር ነኝ።

ሃክ የሚሠራው ባለቤቱ ካላወቀ ነው። ማሳመን ግን ፊት ለፊት ነው፤ የሚሰማው ሰው እምቢ ሊልም ይችላል። ማክበር ማለት ዝም ማለት አይደለም፤ እውነቱን ተናግሮ ለእሷ «እምቢ» ቦታ መተው ነው። ያ ቦታ ያስፈራል።

ዛሬ ኢንሱሊኗ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ማሰሮ ውስጥ፣ ከጸበሉ ጀሪካን ጎን ነው። ከሥጋና ከወተት ትጾማለች፤ ቁርሷን ግን አትተውም። አሁንም «እድናለሁ» ትላለች፤ አልከራከራትም። መርፌዋን የምትወጋው የጠዋት ጸሎቷን እንደጨረሰች ነው። አላርሙን አጥፍቼዋለሁ።