የተከራይ ተማሪና የአከራይ ኅሊና



በየዓመቱ የምዝገባ ወቅት ሲደርስ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት መናኸሪያዎቻችን ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ የሚወርደው ወጣት ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበው ተማሪ በአብዛኛው በግቢው ውስጥ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ወጪውንም በወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በግል ኮሌጅ የገባው፣ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚማረው፣ እንዲሁም በግቢ ውስጥ ቦታ ያላገኘው ግን የመጀመሪያ ፈተናው የሚጠብቀው ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ነው። አቅሙ የሚችለውን ክፍል ፈልጎ መከራየት አለበት።

ኩየራን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ትንሽ ከተማ፣ ከ70 ዓመት በላይ ባስቆጠረው የአድቬንቲስት ትምህርት ቤትና ኋላም ኮሌጅ ምክንያት ከሩቅ አገር ተማሪዎችን ስትቀበል ኖራለች። እንዲህ ባለች ከተማ የሚከራየው ቤት ብዙውን ጊዜ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራ አንድ የሰርቪስ ክፍል ነው፤ መጸዳጃው የጋራ፣ ውኃው በጀሪካን፣ የመብራቱ ቆጣሪ ደግሞ ከአከራዩ ጋር አንድ። ተማሪው ለደላላ ይከፍላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል፣ ሲከብደውም ደባል ፈልጎ ኪራዩን ይካፈላል። አከራዩም ይህ እንግዳ ልጅ ሌላ ዘመድ እንደሌለው፣ ትምህርቱም በሳምንቱ እንደሚጀመር ጠንቅቆ ያውቃል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የቤት ባለቤት የሆነ ሰው የተከራዩ ችግር የፈቀደለትን ያህል ዋጋ ቢጠይቅ፣ በደል ፈጽሟል ማለት ይቻላልን?

ብዙዎች «ገበያ ነው፤ ያልፈለገ ይተወው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ አባባል በመጠኑ እውነትነት አለው። ቤቱ የሰውየው ነው፤ በላቡ ሠርቶታል፤ ማንም በነጻ እንዲሰጥ ሊያስገድደው አይችልም። ነገር ግን «ያልፈለገ ይተወው» የሚባለው ሊተው ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ጌጥ የሚገዛ ሰው ዋጋው ቢከብደው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ግን የሚመለስበት ቤት የለውም። ለምሽት ሁለት ሰዓት ሲቀረው በማያውቀው ከተማ የቆመ ልጅ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ «እሺ» ስትል ፈቃዷን ገለጸች ከማለት ይልቅ መጨነቋን ገለጸች ማለቱ ይቀላል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ምዕት ዓመት «ሱማ ቴዎሎጊካ» በተባለው ሥራው ስለ ሽያጭ ፍትሕ ሲመረምር ለዚህ የሚጠቅም ልዩነት አስቀምጧል። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ ጉዳት የሚደርስበት ከሆነ፣ ያንን ጉዳት በዋጋው ውስጥ ማስላት ይችላል። ሻጩ ምንም ሳይጎዳ ገዢው እጅግ የሚጠቀም ከሆነ ግን፣ በዚህ ምክንያት ዋጋ መጨመር አይገባውም። ምክንያቱም ያ ትርፍ ጥቅም የመነጨው ከገዢው ሁኔታ እንጂ ከሻጩ ንብረት አይደለም፤ ሰው ደግሞ የእርሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም። ኪራይም የቤትን አገልግሎት ለተወሰነ ጊዜ መሸጥ ስለሆነ፣ ይኸው ሚዛን ለአከራይና ለተከራይ ይሠራል።

ሚዛኑ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው። አከራይ ሁሉ ሀብታም አይደለም፤ ከአንዲት ክፍል በምታገኘው ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ ባሏ የሞተባት እናት አለች። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ሲጨምር፣ ጤፍ ሲወደድ፣ ኪራይዋን ብታስተካክል ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ተማሪው ለክረምት ወደ አገሩ ሄዶ ክፍሉን ይዞ እንዲቆይ ከፈለገ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ መቆሙ ለእርሷ እውነተኛ ኪሳራ ነውና በስምምነት ልታስበው ይገባል። እነዚህ ሁሉ የአከራይዋ ጉዳቶች ናቸው። በሌላ በኩል ግን የምዝገባው ቀን በመድረሱ ብቻ ትናንት የነበረውን ኪራይ እጥፍ ማድረግ፣ ወይም የራስን ማቀዝቀዣ ጭምር የሚያንቀሳቅሰውን የመብራት ሒሳብ አንድ አምፖል ብቻ ለሚያበራ ተማሪ እኩል ማካፈል፣ ከጉዳት የመነጨ ሳይሆን በሰው ጭንቀት መነገድ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች በአውሮፓ እንደተመሠረቱ የተማሪ ቤት ኪራይ ከተሞችን አወዛግቧል። በቦሎኛ ተማሪና መምህር የበለጠ ኪራይ በማቅረብ ሌላውን ከተከራየበት ቤት እንዳያስወጣ የተደነገገውን እገዳ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1189 አጽንተዋል። በኦክስፎርድ በ1209 በተማሪዎች ላይ ከተፈጸመው ስቅላት በኋላ፣ የጳጳሱ መልእክተኛ በ1214 የከተማው ሰዎች የተማሪዎችን ቤት ኪራይ ለ10 ዓመት በግማሽ እንዲቀንሱ ወስኗል።

በእኛም አገር የቆሎ ተማሪ በመምህሩ ደጅ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ፣ ከመንደሩ ምግብ እየለመነ ይማር ነበር፤ በወሎም ደረሳውን ያስተናገደው ሕዝብ ነው። እነዚያ መንደሮች ከዛሬዎቹ ከተሞቻችን ይልቅ ድሆች ነበሩ። ይሁን እንጂ ተማሪን ማስጠጋት የመንደሩ ሁሉ ድርሻ እንደሆነ ያምኑ ነበር።

ታዲያ ሕግ ብቻውን ይበቃልን? ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ የብዙ ድሆችን ኪራይ ቀንሷል። ነገር ግን ለኪራይ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ የቀበሌ ቤቶችም ጠጋኝ አጥተው አረጁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የሚፈጸምባቸውን ከተሞች እንዲወስኑም ለክልሎች ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪው በሚማርበት ከተማ አዋጁ ሥራ ላይ መዋሉን ከአስተዳደሩ መጠየቅ ይገባዋል። ይሁንና ሕግ የኪራዩን ልክ ሊወስን ይችላል እንጂ፣ ማታ የውጭ በር ለተማሪዋ እንዲከፈትላት፣ ስትታመም የሚጠይቃት ሰው እንዲኖር ሊያደርግ አይችልም። ይህ የኅሊና ድርሻ ነው።

እንግዲህ ፍትሕ ከሁሉም የሚጠይቀው አለ። ተማሪው ከምዝገባው ቀደም ብሎ መጥቶ ቤቱን በዓይኑ ይይ፤ የበሩን ቁልፍ፣ የውኃውንና የመብራቱን አከፋፈል ሳያጣራ ገንዘብ አይስጥ፤ ውሉን በምስክር ፊት ይጻፍ። ከተከራየም በኋላ ኪራዩን በቀኑ ይክፈል፣ ያልተስማማበትን ደባል በስውር አያስገባ፣ የሰውን ቤት እንደ ራሱ ይጠብቅ። ትምህርት ቤቶች የታመኑ አከራዮችን ዝርዝር ቢይዙ፣ የዕድር ሽማግሌዎችና ቁምስናዎች ለእንግዳ ተማሪዎች ምስክርና አስታራቂ ቢሆኑ፣ የደላላውና የጭንቀቱ ኃይል ይቀንሳል።

አከራይ የሆናችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ምናልባት ዛሬ በሌላ ከተማ የሌላ ሰው ደጅ እያንኳኳ ይሆናል። የክፍላችሁን ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት፣ የምትቆጥሩት የእናንተን ወጪና ድካም መሆኑን፣ ወይስ በደጃችሁ የቆመውን ልጅ ጭንቀት መሆኑን ራሳችሁን ጠይቁ። የመጀመሪያውን መቀበል መብታችሁ ነው፤ ሁለተኛው ግን የእናንተ ስላልሆነ ልትሸጡት አትችሉም።