ዘሩ በሌሊትም ይበቅላል

ለንባብ፤ ማርቆስ 4፥26–29



ጌታችን ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ሲያስተምር አንድ ገበሬ አሳየን። ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ ማታ ይተኛል፥ ጧት ይነሣል፤ ዘሩም እርሱ በማያውቀው መንገድ ያድጋል። እኛ የደጋ ሰዎች ይህን ምሳሌ ለማስተዋል አይቸግረንም። በሐምሌ ማጭዱን ስሎ ወደ ጤፍ ማሳው የሚወርድ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅበታል። ነገር ግን በእርሻችን የማናደርገውን በነፍሳችንና በሥራችን እናደርገዋለን። ፍሬው የሚደርስበትን ቀን ራሳችን እንቈርጣለን፤ ቀኑም ሲያልፍ በራሳችንና በልጆቻችን ላይ እንቈጣለን።

ስለዚህ ነገር የአናሲሞስ ነሲብን መንገድ እናስብ። ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። አናሲሞስ በልጅነቱ ከወገኖቹ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በእምኩሉ በስዊድን ሚስዮን ዘንድ ተምሮ በ1872 ተጠመቀ። ከዚያ ወዲህ የልቡ አሳብ አንድ ነበረ፤ ወንጌልን ይዞ ወደ ኦሮሞ ወገኖቹ መድረስ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ስለ ከለከሉ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር በሱዳን በኩል ዞሮ ሊገባ ተነሣ። በአሶሳ አጠገብ እስካለችው እስከ ፋማካ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማለፍ አልቻሉም። አናሲሞስም በመመለሻው በብርቱ ንዳድ ታመመ፤ በ1882 በሚያዝያ ወር ካርቱም ገባ።

ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ጥቁር ዓባይ፥ ግድብ ሳይሠራበት በፊት፥ በሚያዝያ እጅግ ይጐድል ነበር። በነሐሴ ግን የደጋችንን አፈር ይዞ ሞልቶ ሲወርድ የነጭ ዓባይን ውኃ እንኳ ገትቶ ያቆመው ነበር። ያን ሙላት ማንም አዝዞ አላመጣውም፤ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የዘነመው ዝናም በጊዜው ያወርደው ነበር እንጂ። ያ የታመመ መንገደኛም በዚያ ወራት ኃይሉ እንደ ወንዙ ጐድሎ ነበር።

አናሲሞስ ወደ እምኩሉ ተመልሶ ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ። ደግሞም ሌላ መንገድ ሞክሮ በ1886 እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ያም ተዘጋበት። የትርጕሙም ሥራ በጉልበት የሚሆን አልነበረም። በልጅነቱ ከወገኖቹ ስለ ተለየ የቋንቋው ቃል ያጥረው ነበር፤ ቋንቋም እንደ ግብር ተገድዶ አይሰበሰብም። በዚያው በ1886 ግን አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት፥ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ አግኝቶ አስጣላት፤ ወደ እምኩሉም መጣች። አስቴር ቋንቋውን ከነጣዕሙ ይዛ ነበረች። ቃላትን ሰበሰበች፤ በአፍ ሲነገር የሰማችውን ዘፈን፥ ተረት፥ እንቈቅልሽና ምሳሌያዊ አነጋገር ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። አናሲሞስ በ1904 ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ አስተማረ፤ በካርቱም ታምሞ ከተኛ ከ22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1882 መንገዱ ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ያለ መጽሐፉ በገባ ነበር።

ይህን ሰምቶ ግን እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ አይኑር። የምሳሌው ገበሬ ሰነፍ አይደለም፤ ዘርቶአል፥ መከሩም ሲደርስ ማጭዱን ያነሣል። ለእግዚአብሔር የተወው ማሳደጉን ብቻ ነው። አናሲሞስም የተዘጋውን መንገድ ሊከፍት አልቻለም፤ ብዕሩን ከቀለም ማጥቀስ ግን ይችል ነበር፥ አደረገውም።

መዝሙር ልትደርስ ተቀምጠህ ቃሉ ያልመጣልህ ወንድሜ ሆይ፥ ለበዓሉ ይድረስ ብለህ ጥሬውን አታቅርብ፤ ነገም ደግሞ ተቀመጥ። ፊደል ያልገባው ልጅ ያለሽ እኅቴ ሆይ፥ በቍጣ አታስደንግጪው፤ ነገም ደግሞ አስቈጥሪው። ወንጌላዊ ሆይ፥ የተጠማቂውን ቍጥር እየቈጠርህ አትዘን፤ ዛሬ የምትዘራው አለህና።

ጌታ ሆይ፥ ሥራችንን እንድንሠራ ትጋትን ስጠን፤ ያንተን ሥራ ላንተ እንድንተው ደግሞ እምነትን ስጠን። መንገዳችን በተዘጋበት ቦታ ያዘጋጀህልንን ሥራ አሳየን። አሜን።