ለሚፈታው ሰው ማጥበቅ

የመኪና ብሎን የሚያጠብቅ ሰውና ያንኑ ብሎን የሚፈታ ሰው ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። አንደኛው ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ ሄዷል። ሌላኛው ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ መኪና ሥር ተኝቶ ከመፍቻው ጋር ይታገላል። በሁለቱ መካከል የሚተላለፈው ብቸኛ መልእክት የብሎኑ ሁኔታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄም ከዚህ ይነሳል፦ ፈጽሞ ለማናገኘው፣ ስማችንንም ለማያውቅ ሰው ምን ዕዳ አለብን?

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የተማርኩት ደግሞ ምህንድስና። የመኪናዬን ዘይትና የፍሬን ሸራ ግን ጊዜው ሲደርስ ቅዳሜን ጠብቄ ራሴ ነው የምቀይረው። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። በስንት ባለቤትና በስንት ጋራዥ እንዳለፈች መቁጠር አይቻልም። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው፤ መኪና ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንጂ አይጣልም። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ እጅ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ «ቀጣዩ ሰው» የምለው የሐሳብ ፍጡር አይደለም። ይመጣል።

መጀመሪያ ብሎን ለምን አልፈታ እንደሚል እንይ። ብሎን ስናጠብቅ ብረቱን በጣም በትንሹ እየለጠጥነው ነው፤ እንደ ስፕሪንግ ተወጥሮ ሁለቱን አካላት አጣብቆ ይይዛል። ከምናወጣው ጉልበት ግን ለዚህ መወጠር የሚውለው በግምት 10 በመቶው ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ጭንቅላት ሥር፣ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል በሰበቃ ያልቃል። ውሃና አየር ገብተው ዝገት ሲፈጠር ነገሩ ይብሳል፤ ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጥርሶቹን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል። ይህን የሚሠራው ጊዜ ነው፤ ማንም አይወቀስበትም። የሚያስወቅሰው ከጊዜ በፊት የነበረው እጅ ነው።

ቁጥር እናስገባ። የብዙ ትንንሽ መኪኖች የሞተር ዘይት ማፍሰሻ ብሎን የሚፈልገው ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ የጎማ ብሎን ደግሞ 100 አካባቢ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ ከብሎኑ ግማሽ ሜትር ርቆ ቢቆምበት 340 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ለጎማው ከሚበቃው ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ለዘይት ማፍሰሻው ደግሞ ወደ አሥር እጥፍ ማለት ነው።

ሰው ለምን እንዲህ ያጠብቃል? «መካኒኩ ግድ የለውም» ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል። ጎማ ላልቶ ቢወልቅ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ባለፈው ሳምንት ያሰረው ጋራዥ ነው፤ ሄደን እንጮኽበታለን። ብሎኑ ከሦስት ዓመት በኋላ አልፈታ ቢል፣ ማዕዘኖቹ ቢበሉ ወይም ቢሰበር ግን ማን እንዳጠበቀው ማንም አይጠይቅም። የመጀመሪያው ጥፋት ባለቤት አለው፤ ሁለተኛው የለውም። እጅም ሳያስበው ወደ ባለቤት አልባው ያጋድላል። ከውጭ ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የራስን ስጋት ለማያውቁት ሰው ማሸከም ነው።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ግላውኮን የሚያነሳት አንዲት ተረት አለች፤ ከሰው ዓይን የሚሰውር ቀለበት ያገኘ እረኛ። የግላውኮን ጥያቄ ቀላል ነው፤ ማንም እንደማያየው የሚያውቅ ሰው በትክክል ይሠራል ወይ? ለእኔ ጊዜ ራሱ እንዲህ ያለ ቀለበት ነው። ቀለበት ሳያስፈልገን ሦስት ዓመት ብቻ ይሰውረናል። የእኛዋ አህያ ደግሞ ነገሩን በአጭሩ ትጨርሰዋለች፦ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል»።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። መንገድ ዳር የሚሠራ መካኒክ ጉልበት የሚለካው ቶርክ ሬንች የለው ይሆናል፤ ደንበኛው ከራሱ ላይ ቆሞ «ቶሎ በል» ይለዋል። ደግሞስ የላላ ብሎን ሰው ይገድላል፤ የጠበቀ ብሎን ኪስ ነው የሚጎዳው። ታዲያ ማብዛቱ አይሻልም?

ሁለተኛው ክርክር አያሳምነኝም። ከልክ በላይ ማጥበቅ ተጨማሪ ደኅንነት አይደለም። ከአቅሙ በላይ የተለጠጠ ብሎን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አይመለስም፣ ሊበጠስም ይችላል፤ አሉሚኒየም ውስጥ የገባ ከሆነ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በምሽት ጎማ የፈነዳበትን ሰው አስቡት። ትርፍ ጎማ አለው፣ ክሪክ አለው፣ ከመኪናው ጋር የመጣች አጭር መፍቻ አለችው። በአየር ማሽን ያለ ልክ የተጠበቀውን ብሎን በዚያች መፍቻ አይፈታውም። ልጆቹን ይዞ ጨለማ ላይ ይቆማል። ይሄ የኪስ ጉዳት ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያውን ክርክር ግን እቀበላለሁ። መሣሪያ ለሌለው ሰው ትክክለኛውን ልክ ጠብቅ ማለት ከባድ ነው። የችኮላው ድርሻ የእኛም የደንበኞቹ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ነፍገነው የሃያ ደቂቃ ሥራ ልንጠይቀው አንችልም። ይሁን እንጂ ጥርሱን በጨርቅ ለመጥረግ፣ ብሎኑን መጀመሪያ በእጅ ለማስገባት፣ ቱቦውን ለመተው ገንዘብ አያስፈልግም።

ብሎን ራሱ የማይተዋወቁ ሰዎች ስምምነት ነው። በእንግሊዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የየወርክሾፑ ጥርስ ይለያይ ነበር፤ አንዱ ጋ የተሠራ ብሎን ሌላው ጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ይሁን፣ ለየውፍረቱም የተወሰነ የጥርስ ብዛት ይኑር ብሎ አንድ ወጥ መለኪያ አቀረበ። ዛሬ መርካቶ የተገዛ ብሎን ጃፓን የተሠራ ሞተር ላይ የሚገባው እንዲህ ካለ ልማድ የተነሳ ነው። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎችም በዚሁ እንኖራለን። «ይሠራል፣ አትንኩት» ተብሎ የተዘጋ ኮድ ማለት ቱቦ ተሰክቶ የተጠበቀ ብሎን ነው። ለጊዜው ይይዛል፤ ዕዳው ግን ነገ ለሚከፍተው ነው።

እሺ፣ የሌላው ሰው ዕዳ እኔ ላይ ሲወድቅስ? የማይፈታ ብሎን ሲያጋጥም ቁጣ የመጀመሪያው ስሜት ነው፤ የብሎኑን ማዕዘን የሚበላውም ብዙ ጊዜ ይኸው ቁጣ ነው። ጥሩ መካኒኮች ቅደም ተከተል አላቸው። በሽቦ ብሩሽ ያጸዳሉ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው ያሳድራሉ። ጭንቅላቱን በመዶሻ መታ መታ ያደርጋሉ። ከመፍታታቸው በፊት በትንሹ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይሞክራሉ፤ የዝገቱ እስር አንዳንዴ እዚያ ይሰበራል። ነዳጅና ጎማ አጠገቡ ከሌለ ያሞቁታል። ብየዳ፣ ቆርጦ ማውጣት፣ በድሪል መብሳት መጨረሻ ላይ ነው። የቅደም ተከተሉ ሚስጥር አንድ ነው፦ ሊመለስ የሚችለው ይቀድማል፣ ሊመለስ የማይችለው ይዘገያል። ከተበሳ በኋላ ዘይት ማሳደር ትርጉም የለውም።

አሁንም ግን «እኔን ማን አሰበልኝና ለቀጣዩ አስባለሁ?» የሚል ይኖራል። መልሴ እንዲህ ነው። ፍሬን ስቀይር ከምፈታቸው ብሎኖች መካከል የማስታውሰው ያስቸገረኝን አንዱን ነው። ሌሎቹ ዝም ብለው ተፈትተዋል። ዝም ብለው የተፈቱት ደግሞ አንድ ሰው ጥርሳቸውን ጠርጎ፣ በእጁ አስገብቶ፣ በልኩ አቁሞ ስለሄደ ነው። በልክ የተሠራ ሥራ ድምፅ ስለሌለው ባለውለታችንን አናየውም፤ የምናየው የበደለንን ብቻ ነው። የታሰበልን ሳናውቀው ነው ማለት ነው። ያን ሰው አግኝቼ ልከፍለው አልችልም። መክፈል የምችለው ከእኔ በኋላ መኪናዋ ሥር ለሚተኛው ነው፤ እሱም ብሎኑ እሺ ካለው ስለ እኔ ምንም አያስብም።