አደራ ተቀባይ የመጀመሪያው ዕዳው ምንድር ነው?

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በአርሲ ነገሌ ከምናገለግላቸው ምእመናን አንዲቱ፥ ሰባት ዓመት በቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወደ አገሯ ተመለሰች። በመንገድ አይሮፕላን ለውጣ አዲስ አበባ ስትደርስ፥ እርሷ ደረሰች እንጂ ሻንጣዋ አልደረሰም። በሻንጣው ውስጥ ለእናቷ የገዛችው ካፖርት፥ ለወንድሞቿ ልጆች የያዘችው ጫማና ልብስ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለታኅሣሥ ገብርኤል የተሳለችው፥ ለመቅደስ መጋረጃ የሚሆን ወርቀ ዘቦ ጨርቅ ነበረ። ይህንንም ጨርቅ የገዛችው ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ ጥቂት ጥቂት እያስቀረች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓሉ እስኪደርስ ድረስ፥ ከነገሌ በአውቶቡስ እየተነሣች፥ ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን፥ መቂንና ሞጆን እያለፈች፥ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አራት ጊዜ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ተመላለሰች። አራት ጊዜም «ነገ ይደውሉ» ተባለች፤ ብትደውልም የሚያነሣ አልነበረም። በአራተኛው ጊዜ እኛም አብረናት ሄድን።

የአየር መንገዱን ስም አንጠራም። የውጭ አገር ድርጅት ነው፤ ገንዘብ አጥሮት የሚንገዳገድ መሆኑንም ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ወጣት ራሱ ነገረን። ይህን ከመስማታችን በፊት ግን በወጣቱ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንደ ነበር ልንሰውር አይገባንም። እርሱ ሻንጣውን አልነካውም፥ በዓይኑም አላየውም። «አባ፥ እኔም እንደ እርስዎ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ለእኔም አይመልሱልኝም» ብሎ፥ ደመወዙም ሁለት ወር እንደ ዘገየበት ሲነግረን አንገታችንን ደፋን።

በመመለሻችን በአውቶቡስ ውስጥ ልጅቱ ሁለት ነገር ጠየቀችን። «አባቴ፥ ስእለቴ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ደግሞስ እነዚያን ሰዎች የሰደብሁት ስድብ ኃጢአት ይሆንብኛልን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ «ልጄ፥ የዚህ ዓለም ዕቃ ነው፥ ተይው» ብሎ ማሰናበት ለእኛ ለካህናቱ ቀላል ነው። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ የዕረፍቱን ቀን ሲጠባበቅ ሳለ፥ በጢሮአዳ በአክርጳ ዘንድ የተወውን ካባና መጻሕፍቱን፥ ይልቁንም የብራና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ወደ ጢሞቴዎስ ልኳል። እንግዲህ ጓዙን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ዓለምን ወዳድ ነው ማለት ሐዋርያውን መንቀፍ ይሆናል።

ቍጣዋንም በመረመርነው ጊዜ፥ ሥሩ የዕቃው መጥፋት ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። እርሷም ስትነግረን፥ «ጠፋ ቢሉኝ አልቅሼ በተቀመጥሁ ነበር፤ ነገ ነገ እያሉ ግን ማልቀሱንም ከለከሉኝ» አለችን። ይህ ቃል ብዙ አሳሰበን። ዕቃ የጠፋበት ሰው ከኀዘኑ ጋር ይኖራል፤ መልስ የተነፈገው ሰው ግን በተስፋና በኀዘን መካከል ታስሮ ይቀመጣል።

በኦሪት ዘጸአት በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ ስለ አደራ የተሠራውን ሕግ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ አደራው ከጠባቂው ቤት ጠፍቶ ሌባው ባልተገኘ ጊዜ፥ ጠባቂው አስቀድሞ በእግዚአብሔር ፊት ቀርቦ ስለ ራሱ እንዲመልስ መታዘዙን ያስተውላል። መክፈል የሚገባበት ጊዜ አለ፥ የማይገባበትም ጊዜ አለ፤ ቀርቦ መመለስ ግን አይቀርም። በመጽሐፈ ጦቢትም ገባኤል ከብዙ ዘመን በፊት የተቀበለውን ብር፥ ቅዱስ ሩፋኤል ሊቀበለው በሄደ ጊዜ፥ ከረጢቶቹን ከነማኅተማቸው አውጥቶ አስረከበ። የአባቶቻችን ፍትሐ ነገሥትም ሆነ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአደራ የተለየ ስፍራ የሰጡት፥ ነገሩ የቆየ የሰው ልጅ ጭንቅ ስለ ሆነ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገበት ዘመን፥ በእነዚያ ሲ-47 አይሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱም በመካከል ታስሮ በዓይኑ ፊት ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን ሻንጣው ከባለቤቱ እጅ እንደ ወጣ ቍጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ባለቤቱ በማያየው መንገድ ይሄዳል፤ መንገዱን የሚስተውም ብዙ ጊዜ ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው በሚዛወርበት ስፍራ ነው። ስለዚህ መንግሥታት በ1929 እ.ኤ.አ. በዋርሶ፥ በኋላም በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ተስማምተው ለጠፋ ጓዝ የካሳ ልክ አበጁ። አገራችንም በገባችበት በሞንትሪያሉ ስምምነት፥ ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ካለፈ መንገደኛው መብቱን መጠየቅ ይችላል። የካሳውም ጣሪያ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መለኪያ 1,519 ነው፤ ይህም ከሁለት ሺህ የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። ጓዙን ሲያስረክብ ከዚህ የበለጠ ዋጋ እንዳለው አስታውቆ፥ ከተጠየቀም ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው ጣሪያው ከፍ ይልለታል። ይህን ግን ከነገሌ ተነሥተው ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ ልጆቻችን ማን ነገራቸው?

ሕጉ ለዋጋው ልክ አበጀለት፤ መልካም ነው። የአንድ አየር መንገድ ገንዘብ ቢያልቅ ካሳው ሊዘገይ ይችላል፤ ይህንም እንረዳለን። «ሻንጣሽ የት እንዳለ አናውቅም፤ እስከዚህ ድረስ ፈልገናል» ለማለት ግን ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል? ድኽነት ከመክፈል ያዘገያል እንጂ እውነትን ከመናገር አይከለክልም።

ከከተማችን መናኸሪያ በየዕለቱ የድንችና የስንዴ ማዳበሪያ፥ ባናመሰግነውም የነገሌ አረቂ በጄሪካን፥ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያለ አንዳች ወረቀት ተጭኖ ይሄዳል። አንዱ የጠፋ እንደ ሆነ ባለቤቱ በማግሥቱ ማለዳ ረዳቱን በዚያው በመናኸሪያው ያገኘዋል። ረዳቱ ይምላል፥ ይከራከራል፥ አንዳንድ ጊዜም ይከፍላል፤ ነገር ግን ፊቱን አይሰውርም። ትልቁ ድርጅት ከዚህ ረዳት የሚያንሰው በዚህ ነው፤ የሚጠየቀውን ሰውሮ የማያውቀውን ወጣት በፊት አስቀምጧል።

ይህን ስንጽፍ ወደ ራሳችን ዕቃ ቤት ማየታችን አልቀረም። ምእመናን በስእለት ያስገቡት ዣንጥላና ምንጣፍ የት እንደ ደረሰ ሲጠይቁ፥ መዝገቡን ከፍተን የምናሳይ ስንቶቻችን ነን? «ቄሰ ገበዙ ሲመጡ ይጠየቃሉ» ብለን የሰደድናቸውስ ስንት ናቸው? እኛ ራሳችን በአንድ ወቅት እንዲህ ብለን የመለስናቸው አንዲት እናት አሉ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ለልጅቱ ስለ ስእለቷ የመለስንላት ይህን ነው፤ ዳዊት ቤተ መቅደሱን አልሠራም፥ ነገር ግን ሊሠራ በልቡ ማሰቡ መልካም እንደ ሆነ እግዚአብሔር ነግሮታል። የተሳለችውን በእጇ ይዛ ተነሥታለችና በመንገድ የጠፋው እንደ ቸልታ አይቈጠርባትም። ስለ ስድቡ ግን ወጣቱን ይቅርታ እንድትጠይቀው አዘዝናት፤ እኛም ከእርሷ በፊት ደውለን ይቅርታ ጠየቅነው። ካሳውን መጠየቋን እንድትተው አልመከርናትም።

ከጥምቀት በኋላ ወጣቱ በራሱ ስልክ ደወለላት። ሻንጣው አይሮፕላን በለወጠችበት ከተማ እንደ ቀረ፥ ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው እንዳልተገኘ፥ ከእንግዲህም ይገኛል ብሎ ሊያታልላት እንደማይወድ ነገራት። በዚያች ሌሊት አልቅሳ እንቅልፍ እንደ ወሰዳት እናቷ ነገሩን። በዐቢይ ጾም መግቢያ ከሻሸመኔ ገበያ ተራ የሆነ ነጭ ጨርቅ ገዝታ አመጣች፤ ተቀብለን በመዝገብ ጽፈን ደረሰኝ ሰጠናት። የካሳውንም ጥያቄ በጽሑፍ አቅርባለች፤ ስምምነቱ ለክስ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው።