በአንድ ማሳደጊያ ሁለት ጥናት

የሕፃናትንና የቤተሰብን ዕድገት ለማጥናት የገባን ተማሪዎች ስንገናኝ የምናወራው ስለ መጠይቅ፣ ስለ ናሙና፣ ስለ ስሌት ነው። ማን ደግ አማካሪ እንደ ደረሰው፣ ማን ክፉ እንደ ገጠመው እናማለን። ሕፃኑ ራሱ በወሬያችን መካከል እምብዛም አይነሣም። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ያው ነኝ። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ከያዘኝ ሰነበተ፤ ብቻዬን ከምሸከመው ብዬ ለእናንተ አመጣሁት። ሙያ የሚሉት ነገር ለሕፃን ምን ይጨምርለታል? ምንስ ይወስድበታል?

ጥያቄውን ያስነሣብኝ በአሜሪካ አገር፣ በአዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ የነበረ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1917 የሕፃናት ደኅንነት ምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ስለ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ወደዚያ ማሳደጊያ መመላለሳቸው የተለመደ ነበር። ለምን ወደ ማሳደጊያ? ጠያቂ የለማ! ወላጅ ያለው ልጅ «ምን ልታደርጉት ነው?» የሚልለት አለው። ለሙት ልጅ ግን ማን ይጠይቅለታል?

በ1939 ዌንዴል ጆንሰን የተባሉ የንግግር ሊቅ አንድ ሐሳብ ነበራቸው። እሳቸው ራሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ተብታባ ነበሩ። መንተባተብ የሚጀምረው ከልጁ አፍ ሳይሆን ከወላጁ ጆሮ ነው፤ ልጁ እንደ ማንኛውም ሕፃን ቃል ሲደጋግም «ተብታባ ነህ» ይሉታል፣ እሱም ይፈራል፣ ከፍርሃቱ የተነሣ ተብታባ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ክፉ ሐሳብ ነው አልልም። እንዲያውም ልጁን ከወቀሳ የሚያድን ሐሳብ ነው። ግን ይህን በምን እናረጋግጥ? ከማሳደጊያው 22 ልጆች ተመረጡ። 10ሩ ተብታባ የተባሉ፣ 12ቱ ደኅና ተናጋሪዎች ነበሩ። ከደኅና ተናጋሪዎቹ ለ6ቱ ንግግራችሁ ችግር አለበት፣ መንተባተብ እየጀመራችሁ ነው፣ አስተካክላችሁ መናገር ካልቻላችሁ ዝም በሉ ተባሉ። ከጥር እስከ ግንቦት ድረስ ይህ ተነገራቸው። ተብታባዎች ሆኑ ለማለት ውጤቱ አያስደፍርም። ነገር ግን ልጆቹ ዝም አሉ። መናገር አፈሩ፣ በትምህርታቸውም ወደ ኋላ ቀሩ።

አሁን ወደሚነካን ነገር ልምጣ። እነዚህን ቃሎች ለልጆቹ የተናገረችው ሊቁ አይደሉም። ሜሪ ቱዶር የምትባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች የማስተርስ ተማሪ ናት፤ እንደኛው ለመመረቅ የቸኮለች ተማሪ። ርዕሱን አማካሪዋ ሰጧት፣ እሷ ሠራችው። ጥናቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ በመጽሔት አልወጣም። እሷ ግን በነገሩ አላረፈችም፤ ካለቀ በኋላ ሦስት ጊዜ ወደ ማሳደጊያው ተመልሳ ያበላሸችውን ለማቃናት ሞክራለች። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነው፤ ጆንሰን ከሞቱ 36 ዓመት በኋላ። በ2007 ግዛቱ ለተጎጂዎቹና ለወራሾቻቸው 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስድሳ ስምንት ዓመት! ልጅ የነበረው ሸምግሏል፣ የሞተውም ሞቷል።

ጥፋቱ የማን ነው? «የአማካሪው ነው፣ እሷ ታዛዥ ናት» የሚል ጓደኛ አለኝ። በበኩሌ አልቀበለውም። ልጁ ፊት የተቀመጠችው እሷ ናት። ፊቱ ሲጨልም ያየችው እሷ ናት። ሊቁ ያዩት ወረቀት ነው። ያየ ሰው ካላየው ሰው የበለጠ ዕዳ አለበት። ደግሞም ሦስት ጊዜ መመለሷ ራሱ ዕዳውን ማወቋን አይመሰክርም?

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ «ምርምር ይቅርብን» ብዬ እዘጋው ነበር። ግን በዚያው ማሳደጊያ፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላ ጥናት ነበር።

ሃሮልድ ስኪልስ የተባሉት የሥነ ልቦና ሰው ሁለት ሕፃናት ሴቶችን ያያሉ። አንዷ የ13፣ ሌላዋ የ16 ወር ልጅ። ሁለቱም ከሲታ፣ የማይስቁ፣ «አእምሯቸው ደካማ ነው» የተባሉ። ቦታ ስላልነበረ አእምሮ ደካማ የሚባሉ አዋቂ ሴቶች ወደሚኖሩበት ተቋም ተላኩ። ከስድስት ወር በኋላ ስኪልስ ሲሄዱ ሕፃናቱ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ! ምን ተገኘ? መድኃኒት የለም፣ ልዩ ዘዴ የለም። ሴቶቹ አቅፈዋቸው፣ አጫውተዋቸው፣ «የኔ ናት» ተባብለውባቸው ነው። በኋላ ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ 13 ልጆች በዚህ መንገድ ተላኩ። የአእምሮ መለኪያ ውጤታቸው በአማካይ 28 ነጥብ ገደማ ጨመረ። በማሳደጊያው የቀሩት 12 ሕፃናት ደግሞ 26 ነጥብ ገደማ ቀነሱ። ይህም የታተመው በ1939 ነው። የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት የልጅ አእምሮ በትውልድ የተቆረጠ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር ተሳለቁበት። ስኪልስ ልጆቹን አዋቂ ሆነው ፈልገው አገኟቸውና በ1966 ጻፉ። 13ቱ ሁሉ ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ፣ መካከለኛው የትምህርት ደረጃቸው 12ኛ ክፍል ነው። የ12ቱ ሦስተኛ ክፍል እንኳ አይሞላም።

እስቲ አስቡት። የተማረችው ልጅ ደኅናውን ልጅ ዝም አሰኘችው፤ ደካማ ተብለው የተዘጋባቸው ሴቶች የተጣለውን ልጅ አስነሡት። ስማቸውን የጻፈ የለም። ዲግሪ የሰጣቸውም የለም።

እንዲህ ስል ግን አንድ ነገር ይሞግተኛል። ስኪልስ ባይለኩ ኖሮ የነዚያን ሴቶች ሥራ ማን ያውቅ ነበር? እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልጅ ታቅፎ እንደሚያድግ ያውቃሉ፤ ግን የማሳደጊያን ሕግ የሚጽፈው ባለሥልጣን የሚሰማው ቁጥርን ነው። ስለዚህ መለኪያውን አልጥልም። የ12ቱ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሣል። እርግጥ ነው፣ ስኪልስ ሆን ብለው አላስቀሯቸውም፤ ለማነጻጸር የተለዩት በኋላ ከመዝገብ ነው። ቢሆንም 26 የሚለው ቁጥር ሥር 12 ልጆች አሉ። ከቁጥሩ ይልቅ ልጆቹን ማንበብ የሚያስተምረን ኮርስ የትኛው ነው? እኔ አልወሰድኩትም።

ባለፈው ለመስክ ልምምድ በአንድ ሰፈር የሕፃናትን ቁመትና ክብደት ስንመዘግብ አንዲት እናት መጠይቁን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት መለሱልኝ። የምንበላው ስንት ጊዜ ነው፣ ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት፣ ልጁን ማን ይይዝልዎታል፣ ሁሉንም። ስጨርስ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ጻፍህ፤ ታዲያ የኔው ልጅ እንዴት ነው?» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ አለ። ልጁ ለዕድሜው አጭር ነው፣ ቀጭን ነው። «እማማ፣ ውጤቱ ገና ይሰላል» አልኳቸው። ዋሸሁ። አስተባባሪያችን ለተጠያቂ ምንም እንዳንናገር አስጠንቅቆን ነበር፤ መልስ ከሰጠን ናሙናው ይበላሻል ተብሎ። እኔም ታዛዥ ነበርኩ።

በአገራችን ልጆችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ከ2002 ጀምሮ 3,000 ያህል ልጆችን በኢትዮጵያ ተከታትሏል፤ ከነሱ ብዙ ትምህርት ተገኝቷል። የኛ የአንድ ሴሚስተር ልምምድ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም የለካነው ልጅ ልጅ ነው፤ እናቱም ጠይቃናለች።

ለትምህርት ክፍላችን ያቀረብኩት ሐሳብ አንድ ነው። ከመስክ ልምምዱ በኋላ አንድ ቀን ይጨመርና የመዘገብነውን ልጅ ሁኔታ ለየወላጁ በአፋቸው እንንገራቸው፤ የቀጨጨ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ እንምራው። «በጀት የለውም» ተባልኩ። የአውቶቡሱን ሒሳብ ሠርቼ ይዤ ሄጃለሁ፤ ለኻያ ሰው ደርሶ መልስ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንደገና አቀርበዋለሁ፤ አብሮኝ የሚገባ ቢኖር ደጁ ላይ ነኝ።