ካርቦንና አዮዲን

እ.ኤ.አ. በ1953 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል፣ ካርቦን በከዋክብት ውስጥ በብዛት ይገኝ ዘንድ አስኳሉ አንድ የተለየ የኃይል ደረጃ ሊኖረው ግድ ነው አለ፤ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎችም ፈትነው አረጋገጡ። ያለ ካርቦን ሥጋ ለባሽ የለምና፣ ብዙዎች በዚህ የፈጣሪን እጅ ያያሉ፤ እኔም አያለሁ።

ነገር ግን ሕይወታችን አዮዲንንም ይሻል፤ ይህንም በደጋው አገራችን ዝናብ ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። እንቅርት የወጣባት እናት፣ «ያን ያሰናዳ አምላክ ይህን ስለ ምን ነፈገኝ?» ብትለን፣ የከዋክብትን ስሌት መጥቀስ ድፍረት ይመስለኛል። ቅዱስ ቶማስ እንደሚያስተምረው፣ እግዚአብሔር በፍጡራን ምክንያትነትም ይሠራል፤ ዝናቡ እንደ ባሕርዩ ያጥባል፣ ሰውም በጨው ላይ አዮዲን ይጨምራል። በአገራችን ይህን የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በስዊዘርላንድ ግን አዮዲን ያለበት ጨው ከ1922 ጀምሮ ለሕዝብ ይሸጥ ነበር።